የሰፈር ልጆችን ይዞ የውዝዋዜ ቡድን መጀመር፦ ከመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ መጀመሪያው መድረክ

የመጀመሪያው ቡድኔ የፈረሰው በአራት ወሩ ነው። ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ። ከበሮ ነበረን፣ ስፒከር ነበረን፣ አንድ የሰፈር ዝግጅት ላይም ቀርበን ሰው ቆሞ አጨብጭቦልናል። የጎደለን ሰዓት ነው። አንዱን ሳምንት ቅዳሜ እንገናኛለን፣ ሌላውን እሁድ፣ አንዳንዴ ደግሞ አዳራሹ ተቆልፎ ቁልፍ ያዡ ስልክ አያነሳም፣ ልጆቹም ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጠብቀው ጠብቀው ይበተናሉ። ልጅ ሁለቴ በር ላይ ቆሞ ከተመለሰ ሦስተኛ አይመጣም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምላችሁ ይሄን ነው። የወጣቶች ቡድን የሚቆመው በልምምድ ሰዓቱ ነው። መድረኩም፣ ልብሱም፣ ቪዲዮውም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ክፍል ውስጥ ስሙ ተጠርቶ የማያውቅ ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን የሚጠብቀው ሰውና የሚቆምበት ቦታ ሲያገኝ አቋሙ ሲቀየር በዓይኔ አይቻለሁ። እስክስታ አንገት ደፍቶ አይመታም። ደረት መከፈት አለበት። አንዳንዱ ልጅ ደረቱን ከፍቶ ሰው ፊት ሲቆም የመጀመሪያው እዚያ ነው።

የምጽፈው አዲስ አበባን እያሰብኩ ነው፣ የማውቀው እሱን ስለሆነ። ግን ሐዋሳም ሆናችሁ ደሴ አብዛኛው ይሠራል። ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ወደ መጨረሻው የምለው አለኝ።

ልጆቹን ከየት ታገኛላችሁ

ማስታወቂያ ለጥፋችሁ አትጠብቁ። የሚመጡት ቀድሞም ድፍረት ያላቸው ናቸው። እኔ የምመክረው ነሐሴን መጠቀም ነው። ለቡሄ፣ ነሐሴ 13 አካባቢ፣ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች በየሰፈሩ ራሳቸው ቡድን ሠርተው ይዞራሉ። አውራጅ አላቸው፣ ተቀባይ አላቸው፣ ዱላ አላቸው፣ ገንዘብ ያዥ ሳይቀር መርጠዋል። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ አበባየሆሽ የሚሉ ሴቶች ልጆች አሉ። እነዚህ ማንም ሳያደራጃቸው የተደራጁ ቡድኖች ናቸው። በር ላይ ሲመጡላችሁ ሙልሙሉን ወይም ብሩን ሰጥታችሁ ከመሸኘት በዓሉ ሲያልፍ ቅዳሜ እንዲመጡ ቀጠሮ ስጧቸው። አውራጁን አስታውሱት፣ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ለመጀመሪያ ዙር ከ12 እስከ 18 ልጅ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ አሰልጣኝ የእያንዳንዱን ትከሻ ማየት አይችልም። ዕድሜንም አትቀላቅሉ። ከ10 እስከ 13 ያሉት አንድ ላይ፣ ከ14 እስከ 18 ያሉት ሌላ ሰዓት።

አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ «ለጭፈራ አይሆንም» ብላችሁ አትለፉ። እስክስታ የትከሻ፣ የአንገትና የደረት ጭፈራ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦም ይመታል፣ በዊልቸርም ይመታል። መስማት የተሳነው ልጅ ከሆነ ከበሮው አጠገብ አቁሙት፣ ምቱን በደረቱና በእግሩ ይይዘዋል።

ቦታና ሰዓት

የወረዳ ወጣት ማዕከል፣ የእድር አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ የሚሆን የትምህርት ቤት ግቢ፣ ወይም ሰፋ ያለ የጋራ መኖሪያ ቤት ግቢ። የእድሩን አዳራሽ አትናቁ። እድርተኞቹ የልጆቹ ወላጆችና ጎረቤቶች ስለሆኑ ቁልፉ ሁሌም ቅርብ ነው። ለቅሶ ሲኖር ግን ቦታውን ትለቃላችሁ፣ የዚያን ቀንም ከበሮ አይመታም።

ወለሉን እዩት። የጉራጌ ጭፈራ በእግር ፈጣን ነው፣ ዝላይም አለበት። ሲሚንቶ ላይ በሳምንት ሁለቴ እንዲህ የሚዘል የ12 ዓመት ልጅ ጉልበቱን ማመሙ አይቀርም። ሲሚንቶ ብቻ ካላችሁ በእስክስታ ጀምሩ፣ የሚዘለለውን ሣር ወይም አፈር ስታገኙ ታመጡታላችሁ።

ሰዓቱን ከምሽት አርቁት። እኔ ቅዳሜና እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት አደርገዋለሁ። ሁሉም በብርሃን ቤቱ ይገባል። ይሄ ለሴቶቹ ልጆች ወሳኝ ነው፣ «አመሸሽ» ተብላ አንዴ የተገሠጸች ልጅ ከቡድኑ የምትቀረው በዚሁ ነው።

የአዳራሹ ቁልፍ ሁለት ቅጂ ይኑረው። አንዱ እናንተ ጋር፣ አንዱ ከአዳራሹ አጠገብ የሚኖር የምታምኑት ሰው ጋር። ከመጀመሪያው ቡድኔ የተማርኩት ይሄንን ነው።

የወረዳችሁ የባህል፣ ኪነጥበብና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጎራ ብላችሁም ስለ አማተር ክበብ ምዝገባ ጠይቁ። አዳራሽ ለመጠየቅም፣ በዓል ላይ ለመቅረብም ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ አካል ያስፈልጋችኋል።

ወላጆች ጋር ቡና መጠጣት

ይሄን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ልጆቹ ከመጡ ወላጅ ምን ያደርጋል ይባላል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ አባት መጥቶ ልጁን በክንዱ ይዞ ሲወጣ ያኔ ይገባችኋል።

እያንዳንዱ ቤት ሂዱ። ስልክ አይበቃም። እናትየዋ ቡና ካፈላች ቁጭ በሉ። ማን እንደሆናችሁ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትሠሩ ንገሯቸው። ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጻፉላቸው። ልምምዱን መጥተው ማየት እንደሚችሉ፣ በሩ ክፍት እንደሆነ ተናገሩ፣ በሩንም እውነት ክፈቱት።

ሦስት ጥያቄ ይጠብቃችኋል። የመጀመሪያው ትምህርት ነው። የስድስተኛ፣ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ከፈተናው በፊት ያለውን አንድ ወር እንደሚያርፉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከልምምድ በፊት ግማሽ ሰዓት የቤት ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ብታደርጉ ደግሞ ወላጁ ራሱ ልጁን «ተነስ፣ ሰዓትህ ደርሷል» ማለት ይጀምራል።

ሁለተኛው ሃይማኖት ነው። በዐቢይ ጾም ጭፈራ የማይወድ ቤት ብዙ ነው፣ በረመዳን የሚጾሙ ልጆችም ከሰዓት በኋላ ይደክማሉ። ዘፈን ጨርሶ የማይፈቅድ ሙስሊም ወይም ጴንጤ ቤተሰብም አለ። አትከራከሩ። በጾሙ ወራት ሰውነት ማፍታታት፣ የልብስ ጥገናና የእማማዎችን ታሪክ መስማት ይቻላል። መጨፈር የማይፈቀድለት ልጅ ደግሞ ቪዲዮ ይቅረጽ፣ መድረክ ይምራ፣ ተረት ይንገር። የቡድኑ አባል ነው፣ ስሙ ከሌሎቹ እኩል ይጠራል።

ሦስተኛው «በጭፈራ የት ይደረሳል?» የሚለው ነው። እውነቱን ንገሯቸው። እንጀራው ይሄ የሚሆንለት ጥቂት ነው። ግን አለ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትርም ተወዛዋዦችን ቀጥረው ያሠራሉ። መላኩ በላይን ጥቀሱላቸው። ጎዳና ላይ ያደገ ልጅ ነው፣ ካዛንቺስ ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ለሽልማት ብር እየጨፈረ ቆይቶ በኋላ ቤቱን ራሱ ይዞት የባህል ማዕከል አደረገው፣ ቡድኑን ይዞም ዓለምን ዞሯል። ከዚያ ደግሞ ንገሯቸው፣ ልጃቸው እሱን ባይሆንም ሰው ፊት ቆሞ መናገር የማይፈራ፣ ሰዓት የሚያከብር ልጅ ሆኖ ይወጣል። ይሄንን ቃል ልትገቡ ትችላላችሁ።

አንድ ጭፈራ ምረጡ፣ ባለቤቱን ፈልጉ

ብዙ ቡድን የሚሳሳተው የአሥር ብሔረሰብ ጭፈራ በአንድ ጊዜ ሲያጠና ነው። ሁለት ደቂቃ ትከሻ፣ ሁለት ደቂቃ ወገብ፣ ሁለት ደቂቃ ዝላይ። ሁሉም ከዩቲዩብ የተቀዳ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ለመጀመሪያው ሦስት ወር አንድ ብቻ ያዙ።

ከዚያ ባለቤቱን ፈልጉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሩቅ አትሄዱም። እዚያው ግቢ የትግራይ ሴትዮ አሉ፣ ክቡን ዞረው ከበሮውን ተሸክመው የመቱ። የወላይታው ወገብ እንዴት እንደሚነሳ ልጅ ሆኖ ሰርግ ላይ የተማረ ጎረቤት አለ። ሸጎዬን፣ ወንዱና ሴቱ ፊት ለፊት ቆመው አንገት ሲያወዛውዙ፣ እያየ ያደገ የሐረርጌ ሰው አለ። አንዷን እማማ ወይም አንዱን ጋሼ ለአንድ ቅዳሜ ጋብዙ። ወንበር አምጡላቸው። ልጆቹ እንዲጠይቁ አድርጉ፦ መቼ ነው የሚጨፈረው? ማን ነው የሚጀምረው? ሴትና ወንድ አንድ ላይ ይቆማሉ? እጁ ለምንድን ነው እዚህ ጋ የሚያዘው?

አንድ ቅዳሜ ቡና ሊጠጡ የተቀመጡ የወሎ እናት ልጆቹ አንገት ሲሠሩ ዝም ብለው አይተው አይተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። ከመቀመጫቸው ሁለት እርምጃ እንኳ አልራቁም። እግራቸው አልተንቀሳቀሰም። አንገታቸው ግን ሄዶ ተመለሰ፣ ሄዶ ተመለሰ፣ ትከሻቸው እንደ ውኃ ጸጥ ብሎ። ክፍሉ ሙሉ ዝም አለ። የልጅ ልጃቸው ከመሃላችን ነበረች፣ አያቷ ይሄን እንደሚችሉ አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እቤት ማታ ማታ እያሠሯት ትመጣ ጀመር።

የሰው ባህል ስትሠሩ አንድ መለኪያ ይኑራችሁ። የዚያ አካባቢ ሰዎች የፊት ወንበር ላይ ቢቀመጡ ይኮራሉ ወይስ ያፍራሉ? አለባበሱን ለማሳቅ ማጋነን፣ የደቡብን ሕዝቦች ጭፈራ የዱር ጩኸት አስመስሎ ማቅረብ፣ ይሄ ልጆቻችሁን ንቀት ያስተምራል። አትሥሩት።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት፣ በእስክስታ

ሁልጊዜ በማፍታታት ጀምሩ፣ አሥር ደቂቃ። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ በመጨረሻ አንገት። አንገትን በኃይል አታሽከርክሩ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ታች። ሳይፍታታ እስክስታ የመታ ልጅ በማግሥቱ አንገቱን ማዞር አይችልም፣ እናቱም አትልከውም።

አንደኛው ሳምንት ያለ ሙዚቃ ነው። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል፣ ጉልበት ትንሽ ይለሰልሳል፣ እጅ ወገብ ላይ። ሁለቱም ትከሻ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ሃያ ጊዜ። ከዚያ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ። ከዚያ ቀኙ ብቻ፣ ግራው ብቻ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፣ ትከሻውን ከማንቀሳቀስ ክርኑን ያንቀሳቅሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ፊት ለፊት አቁሟቸው፣ አንዱ የሌላውን ክርን በቀስታ ይያዝለት። ክርኑ ሲያዝ ትከሻው ሥራውን ያገኛል። ሲሳሳቱ ይሳቃሉ፣ ይሁን፣ መተዋወቅ የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ጭብጨባ ነው። አብዛኛው የእስክስታ ዘፈን ምቱ በስድስት ይቆጠራል፣ ሙዚቀኞች ችክችካ የሚሉት ነው። አንድና አራት ላይ ጠንከር አድርጋችሁ አስጨብጭቧቸው። በእግራቸው እየረገጡ፣ በአፋቸው እየቆጠሩ፣ መጀመሪያ በጣም በዝግታ። ስፒከሩን አትክፈቱት። መብራት ሲጠፋ ልምምድ የሚቋረጠው በስልክ ሙዚቃ ብቻ የተማረ ቡድን ላይ ነው። ከበሮ መቺ ከልጆቹ መሃል አውጡ። ያ የቡሄው አውራጅ ትዝ ይላችኋል? ለእሱ ስጡት።

ሦስተኛው ሳምንት ትከሻውንና ምቱን ታገናኛላችሁ። ትንፋሽም እዚህ ይገባል። ጥሩ እስክስታ መቺ «እስ፣ እስ» የሚለው ለማሳመር ብቻ አይደለም፣ ትንፋሹን በምቱ ላይ እየለቀቀ ነው። ትንፋሹን ይዞ የሚጨፍር ልጅ በአንድ ደቂቃ ይደክማል። በድምፅ እንዲያወጡት አድርጉ። መጀመሪያ ያፍራሉ፣ እናንተ ቀድማችሁ አውጡ።

አራተኛው ሳምንት ክብ ሥሩ። አንድ አንድ እየሆኑ መሃል ይገባሉ፣ ለስምንት ቆጠራ ብቻ፣ የፈለጉትን ያሳያሉ፣ ይወጣሉ። ማንንም አትግፉ። «አልገባም» ያለ ቆሞ ያጨብጭብ። አንዲት ልጅ ነበረች፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ አልገባችም። በሰባተኛው ገባች፣ ስምንት ቆጠራ ጨፍራ ወጣች፣ ማንም ምንም አላላትም፣ ጭብጨባው ግን ከሌላው ቀን በጣም በርትቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ቅንብር ትጀምራላችሁ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። አገባብ፣ መሃል ላይ ሁለት የአቋቋም ለውጥ፣ ክብ፣ አወጣጥ።

የቡድኑ ደንብ

ደንቡን ልጆቹ ራሳቸው ያውጡት፣ እናንተ ግን ሦስት ነገር ላይ አትደራደሩ። ማንም በብሔሩ፣ በመልኩ፣ በልብሱ አይሰደብም። ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ክፍል አይዘጋም፣ አሰልጣኙም ቢሆን፣ በተለይ አሰልጣኙ። አካል ነክታችሁ ከማረማችሁ በፊት ትጠይቃላችሁ።

የቲክቶክ ጉዳይም አለ። ልጆቹ መቅረጽ ይፈልጋሉ፣ እውነት ለመናገር ለቡድኑም ይጠቅማል። ግን ወላጅ ሳይፈቅድ የማንም ልጅ ፊት አይለጠፍ። የትምህርት ቤታቸው ስም፣ ሰፈራቸው፣ ዩኒፎርማቸው አይታይ። በቡድኑ ገጽ ላይ ደግሞ አስተያየት የሚያነብ አንድ አዋቂ ይመደብ።

ፊት መስመር ማን ይቁም የሚለው የጠብ ምንጭ ነው። በየሳምንቱ ተራ አድርጉት። መድረክ ላይም ጎበዙ ብቻ ፊት አይቁም፣ በዘፈኑ መሃል መስመር የሚቀያየርበት ቅንብር ሥሩ።

ገንዘብ

በትንሹ ግን በጽሑፍ። አንድ ደብተር፣ ሦስት ፈራሚ፣ አንዱ ወላጅ፣ አንዱ ከልጆቹ የተመረጠ። ወርኃዊ መዋጮ ካለ መክፈል የማይችለው ልጅ ስሙ በሰው ፊት አይጠራ። ሰርግ ላይ ተጋብዛችሁ ብር ከተከፈላችሁ፣ ግንባር ላይ የተለጠፈው ሽልማትም ጭምር፣ እዚያው ቀን ተቆጥሮ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ምን ያህሉ ለልጆቹ፣ ምን ያህሉ ለቡድኑ እንደሚውል ከሰርጉ በፊት ተስማሙ። አሰልጣኝ ብሩን ኪሱ ሲከት ልጆች ያያሉ። ምንም አይሉም፣ ይቀራሉ እንጂ።

ልብስ

ሲያጌጡ ይመላለጡ ይባላል። ለመጀመሪያ መድረክ ሁሉም ያለውን ነጭ ቲሸርት ለብሶ ወገቡን በነጠላ ቢታጠቅ ያምራል። ሙሉ የሐበሻ ልብስ ለ15 ልጅ መግዛት ቡድኑን ዕዳ ውስጥ ይከታል። መከራየት ይቻላል። ስትገዙ ሽሮ ሜዳ ሂዱ፣ ግን ልጆቹንም ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች አሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብለው በእግራቸው እየረገጡ ሲሠሩ ይዩዋቸው። ጥለቱ በእጅ ክር በክር እንደሚገባ ያየ ልጅ ልብሱን መሬት ላይ አይጥልም።

የመጀመሪያው መድረክ

ትልቅ አዳራሽ አትፈልጉ። የልጆቹ ሰፈር ይሁን፣ ግቢው ወይም የእድሩ አዳራሽ፣ ከወላጆች ሌላ 50 ሰው ቢመጣ ብዙ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቀኑን ቁረጡ። በዋዜማው በሙሉ ልብስ አንዴ አስጨፍሯቸው፣ ነጠላው የሚወልቅ ከሆነ ያኔ ይታወቃል። በዕለቱ ውኃና ዳቦ ይኑር፣ ባዶ ሆዱን የመጣ ልጅ ይኖራልና። ያስተማሩትን እማማ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡ፣ ከጭፈራው በፊትም አንድ ልጅ ተነስቶ ጭፈራው ከየት እንደሆነና ከማን እንደተማሩት ይናገር። ከንቲባ ወይም ኃላፊ ካልመጣ አንጀምርም አትበሉ። በሰዓቱ ጀምሩ።

ውጭ አገር ላላችሁ

ዲሲም ሆነ ፍራንክፈርት ችግራችሁ ሌላ ነው። ልጆቹ አማርኛውን አይሰሙም ወይም ይሰሙና አይመልሱም። በቋንቋ አትጀምሩ። በትከሻ ጀምሩ። ቆጠራውን ግን በአማርኛ ቁጠሩ፣ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ትከሻውን የመታ ልጅ ቁጥሩን አይረሳም። የዘፈኑን አንድ መስመር በሳምንት አስረዷቸው። ቅዳሜ ወይም እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከኮሚዩኒቲ ትምህርት በኋላ ቢሆን ወላጅ ሁለቴ አይነዳም።

እስራኤል አገር፣ ሃይፋ ውስጥ የዳንስ ባለሙያዋ ሩት ኤሼል ከኢትዮጵያ ከመጡ የቤተ እስራኤል ወጣቶች ጋር የሠራችውን ተመልከቱ። በ1995 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲው እስክስታ የተባለ ቡድን ጀመሩ፣ ከዚያም በ2005 ቤታ የተባለው ተከተለ። ትከሻውን እንደነበረ ይዘው ለዘመናዊ መድረክ አዲስ ሥራ ሠሩበት። ወጣቶቹ የአያቶቻቸውን ጭፈራ ሙያ አድርገው መድረክ ላይ ቆሙበት። እናንተም ልጆቹ ከሂፕ ሆፕ ጋር ካልቀላቀልን ካሉ ፍቀዱላቸው፣ ግን መጀመሪያ ንጹሑን ያሳዩ፣ ቀጥሎ ቅልቅሉን።

ሁለተኛው ዓመት

በእንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዶም የተጀመረው የአዲስ አበባው የዳንስ ቡድን አዱኛ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጎዳና ላይና በድህነት ካደጉ ልጆች 18ቱን ይዞ አምስት ዓመት ሲያሠለጥን መጨፈርን ብቻ አላስተማራቸውም። ማስተማርንም አስተማራቸው። እነሱም በተራቸው አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ጨምሮ ሌሎችን ያሠለጥኑ ጀመር። ከመሃላቸው የራሳቸውን የዳንስ ቡድን የመሠረቱም አሉ።

ይሄን ከመጀመሪያው ወር አስቡበት። በስድስተኛው ወር ማፍታታቱን አንዱ ትልቅ ልጅ ይምራው። በዓመቱ ሁለቱ ትልልቆች የትንንሾቹን ሰዓት ይያዙ፣ እናንተ ጥግ ላይ ተቀምጣችሁ እዩ። ሲሳሳቱ በልጆቹ ፊት አታርሟቸው፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ ንገሯቸው። ሲበረቱ የቁልፉን ሁለተኛ ቅጂ ከጎረቤት ተቀብላችሁ ለእነሱ ስጧቸው። ቅዳሜ ለ8 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን በሩን የሚከፍቱት እነሱ ይሁኑ።